አባቴ መሳም የጀመረ ሰሞን

የሰው አባት ሲታመም ይከሳል፣ ያስላል፣ አልጋ ይይዛል። የእኔ አባት ሲታመም ደግ ሆነ። እንዲህ ብዬ ስጀምር የምቀልድ ይመስላችሁ ይሆናል። አልፈርድባችሁም፤ እኛም በሽታ መሆኑን ያወቅነው ጠግበን ከተደሰትንበት በኋላ ነው።

አስቀድሜ አባቴን ላስተዋውቃችሁ። ወሎ ሰፈር ውስጥ እጁን ግሪስ የነካው ሰው ሁሉ ጋሽ ሰይድን ያውቃል። በልጅነቱ ከወሎ መጥቶ፣ መኪና አጥቦ፣ ጎማ ለጥፎ፣ በመጨረሻ የራሱን ጋራዥ የከፈተ ሰው ነው። ሞተር ሲጮህ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጆሮውን ዘንበል አድርጎ በትዕግስት ያዳምጣል። ሰው ሲያወራው ግን ወሬው ሳያልቅ «እሺ፣ በቃ» ይላል። እኔ ከጋራዡ አጠገብ ያለችውን የመለዋወጫ ሱቅ ነው የምይዘው። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝም፤ እስከዚያ ሰሞን ድረስ ግን ከአባቴ አፍ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር «አንተ ልጅ፣ ጭንቅላትህን የት ጥለኸው ነው የመጣኸው?» የሚል ነበር። ልጅ እያለሁ እውነተኛ ጥያቄ መስሎኝ «ይኸው አለ» ብዬ መልሼ፣ ጥያቄ አለመሆኑን በጥፊ ተረድቻለሁ።

እንዳትሳሳቱ፣ ክፉ ሰው አልነበረም። መኪናዬን ጋራዡ በር ላይ አቁሜ ስመለስ ዘይቷ ተቀይሮ አገኛታለሁ። ማን ቀየረው ብዬ ብጠይቅ አንድም መካኒክ ትንፍሽ አይልም። አባቴ ከወዲያ ጥግ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቡሎን ይፈታል። የእኛ ቤት ፍቅር ይሄ ነበር፤ እኔም በሚቀየረው ዘይት ረክቼ እኖር ነበር።

ታዲያ አንድ ጠዋት ሱቁን ከፍቼ የዘይት ፊልትሮ ስደረድር አባቴ ከጋራዡ ወጥቶ ወደ እኔ መጣ። ወዲያው ጥፋቴን ማሰብ ጀመርኩ። አባቴ ወደ ሰው ሲመጣ ጥፋትን ቀድሞ አስቦ መጠበቅ ጊዜ ይቆጥባል። ትናንት የሸጥኩት የሞተር ቺንጋ ይሆን? ያላጠፋሁት መብራት ይሆን? ገና ሰበብ ሳላዘጋጅ ጭንቅላቴን በሁለት እጁ ያዘና ግንባሬን ሳመኝ። «የኔ ዓይን» አለኝ። «ወላሂ እወድሃለሁ።» ከዚያ ተመልሶ ሄደ። እኔ ፊልትሮውን እንዳቀፍኩ ቀረሁ። ግንባሬ ላይ የቀረውን ግሪስ ቀኑን ሙሉ አልጠረግኩትም። ደንበኞች «ግንባርህ ላይ ጥቁር ነገር አለ» ሲሉኝ «አውቃለሁ» እላቸው ነበር።

ሰሞኑን ሁሉ እንደዚያ ሆነ። ሳቀ። ዘፈነ። እህቴን ዘሃራን «አንቺ እኮ ቆንጆ ነሽ፣ ማን ነው እንዲህ አሳምሮ የወለደሽ?» አላት። ትልቅ እህቱን፣ አክስቴን ሃሊማን፣ አቅፎ ከመሬት አነሳት። አክስቴ «ያ ረቢ! ስንት ዓመት ያደረግኩት ዱዓ ዛሬ ደረሰ!» ብላ ሰደቃ አበላች። እኔም በዚያ ሰሞን እንደ ልጅነቴ የበዓል ጠዋት ማልጄ ነበር የምነሳው። ሱቁን ቀድሜ እከፍትና የረባ ሥራ ሳይኖረኝ ፊልትሮ እያወረድኩ መልሼ እደረድራለሁ። እስኪመጣ ነው የምጠብቀው። ይመጣና ይስመኛል። አባት የሚስመው ልጅ ፊቱ ላይ የሚታይ ነገር አለ መሰለኝ፣ ሚስቴ «ምን አግኝተህ ነው?» ብላ መጠየቅ ጀመረች።

ችግሩ አባቴ በእኔ ብቻ አልተወሰነም። ደንበኛ ፍሬን ሊያሠራ መጥቶ ተስሞ ይመለሳል፤ ፍሬኑ ግን እንዳለ ነው። ወሎ ሰፈር መታጠፊያው ላይ የቆመ ትራፊክ ፖሊስ መንጃ ፈቃዱን ተቀብሎ ቅጣት ሊጽፍ ሲል፣ አባቴ በመስኮት አንገቱን አቅፎ ጉንጩን ሳመው። ፖሊሱ እስክሪብቶውን እንደያዘ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ቅጣቱን ጻፈ። በኮሪደር ልማቱ መንገድ ዳር በተሠሩት አዲሶቹ መቀመጫዎች ላይ ጥንዶች ካየ መሀላቸው ገብቶ ይቀመጣል። ይባስ ብሎ አንድ ጎረቤታችን ባሏ ሞቶ ለቅሶ የሄድን ዕለት፣ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ በተቀመጠበት «ዛሬስ እንዴት አምሮብሻል!» ብሏት አረፈ።  አንድ ደህና ሽማግሌ «ሊያጽናናት ብሎ ነው» አሉ፤ እኛም ቶሎ ብለን «አዎ፣ ሊያጽናናት ነው» አልን። ከዚያ በኋላ ከለቅሶ ይልቅ የእሱን አፍ ስንጠብቅ ዋልን።

ዘሃራ ያን ጊዜ ዝም ብላ ታየው ነበር። ሃያ ሁለት ሰፈር ያለ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው የምትሠራው፣ ብዙ በሽተኛ ስለምታይ ሁሉ ነገር በሽታ ይመስላታል ብዬ ተሳልቄባታለሁ። «ቀንተሽ ነው፣ እኔን አስበልጦ ስለሚስመኝ» አልኳት። 

ከዚያ የሃያ ሁለቱ ነገር መጣ። አባቴ ዘሃራን ከሥራ ስትወጣ ሊወስዳት ሄዶ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ይጠብቃታል። አጠገቡ አንድ ወጣት ከእጮኛው ጋር ኬክ ይበላል። አባቴ እጁን ዘርግቶ የልጁን ኬክ አንስቶ በላ። ልጁ ሳቀና ተወው፤ ሽማግሌ ነው ብሎ። አባቴ ቀጠለና የልጅቱን ግንባር ሳመ። ልጅቱ ጮኸች። ወጣቱ ብድግ ብሎ ቡጢ አሳረፈበት። እኔ ተደውሎልኝ ስደርስ አባቴ የእግረኛ መንገዱ ላይ ተቀምጧል፣ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ሸሚዙ ላይ ደም ይንጠባጠባል፣ እሱ ግን ይስቃል። «ጎበዝ ልጅ ነው፣ እጁ ጥሩ ነው» አለኝ። የመታው ልጅ እኔን ሲያይ ማልቀስ ጀመረ። «ይቅርታ ወንድሜ፣ አባቴ የሚሆን ሰው መታሁ» እያለ መሬት መሬት ያያል። እኔ ልቆጣው ብዬ መጥቼ ሳጽናናው ቆየሁ። አባቴን ደግፌ አነሳሁት። ስፈራው የኖርኩትን ሰው ያን ቀን ፈራሁለት።

መኪና ውስጥ ዘሃራ ከንፈሩን እየጠረገችለት «ይሄ ደግነት አይደለም፣ ወንድሜ» አለችኝ። «ሰው እኮ ለመሳም እንኳን ይመርጣል።»

የምርምሩን ወሬ ያመጣችውም እሷ ናት። የአንጎል ተመራማሪዎች ቦሌ አንድ የምርመራ ቦታ ላይ በዕድሜ የገፉ ሰዎችን እየመረመሩ ነው፤ አንጎል ሲለወጥ የሰው ጠባይ እንዴት እንደሚለወጥ ነው የሚያጠኑት አለች። ከበሽተኛው ጋር የሚያወዳድሩት ጤነኛ የቅርብ ዘመድም ይፈልጋሉ።

«ጤነኛ ከቤታችን ማን አለ?» አልኳት።

«አንተን ነው የምናቀርበው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ሌላ የለም፣ ምን ላድርግ?»

አክስቴ ሃሊማ ስትሰማ ቤቱን ቀወጠችው። «ሰይዶን እብድ ሊያስብሉት ነው! ነገ የልጆቹን ልጆች ማን ያገባቸዋል?» በመጨረሻ ካልቀረ ይሂድ፣ ግን ይለፍ ተባለ። እዚህ ላይ የእኛን ቤተሰብ ብልህነት ልብ በሉልኝ፤ ምርመራ ነው የተባልነው፣ እኛ ግን የተረዳነው ፈተና ብለን ነው። ፈተና ከሆነ ደግሞ ይጠናል። ዘሃራ ብትለምነን ብትቆጣን አልሰማናትም። አንድ ዘመዳችን «ሐኪሞቹ ቀኑን ይጠይቃሉ» ስላለ ሳምንቱን በሙሉ አባቴን ቀን ስናስጠና ሰነበትን። ቀጠሮው ሐሙስ ስለነበር ከሰኞ ጀምረን ሐሙስ ነው ያስያዝነው። መካኒኮቹ ከየመኪናው ሥር ሆነው «ጋሽ ሰይድ፣ ዛሬ ምንድን ነው?» ብለው ይጮኻሉ። «ሐሙስ!» ይላል አባቴ፣ ማክሰኞ ጠዋት።

ሐሙስ ዕለት ሁላችንም ገባን። የተቀበለችን ዶክተር ሰላም የምትባል፣ ስኒከር ያደረገች፣ ልጅ እግር ተመራማሪ ናት። አባቴን ከፊቷ አስቀመጠችው፣ እኔ፣ አክስቴና ዘሃራ ከጀርባው ተደረደርን።

«አባቴ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?»

«ሐሙስ!»

አክስቴ በደስታ ጉልበቴን ጨመቀችው። «ጥሩ» አለች ዶክተሯ። «ትናንትስ ምን ነበር?»

«ሐሙስ።»

ያን አላስጠናነውም ነበር። ቀጥላ ሦስት ቃላት ነገረችው፤ ጃንጥላ፣ ሎሚ፣ ቁልፍ። ትንሽ ስለሌላ ነገር አውርታ ሦስቱን ቃላት መልሳ ጠየቀችው። አባቴ ፈገግ አለላት። ይሄኔ አክስቴ ከደረቷ የቤቷን ቁልፍ አውጥታ ማወዛወዝ ጀመረች። እኔም በእጄ ጃንጥላ ዘረጋሁ። ሎሚን በእጅ እንዴት እንደሚያሳዩት ሞክራችሁት ታውቁ እንደሆነ እንጃ፤ እኔ ፊቴን አኮማትሬ የኮመጠጠው ሰው መስዬ ነበር። አባቴ ግን ወደ ኋላ ዞሮ አላየንም። ያየችን ዶክተሯ ናት። ዘሃራ መሬት ታያለች።

«ቤተሰቡ በሙሉ ማለፉን አይቻለሁ» አለች ዶክተር ሰላም። «አሁን እሳቸውን ልመርምር፣ እባካችሁ ውጡልኝ።»

ስትጨርስ ደግሞ የቤተሰብ ጥያቄ መጣ። አባቴን ውጪ ከነርሷ ጋር አስቀምጣ ለእኛ ታነብልናለች። በሰው ፊት የማይገባ ነገር ያደርጋሉ ወይ? አክስቴ፦ «ኧረ ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ።» ለሰው ስሜት መጨነቅ ትተዋል ወይ? «ደህና ነው።» ከማያውቁት ሰው ጋር ያለ ልክ ይቀራረባሉ ወይ? «ሰው ይወዳል፣ ደህና ነው።» መቼም እኛ ሰው እንዴት ነው ተብለን ስንጠየቅ፣ ሰውዬው ቃሬዛ ላይ ቢሆንም ደህና ነው ነው የምንለው። ከዚያ ሌላ መልስ አላደግንበትም። ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«እማማ፣ ሁሉ ነገር ደህና ከሆነ ለምን መጣችሁ?»

 አክስቴ የሻሿን ጫፍ ስባ ዓይኗን ጠረገች። «እኔ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት ሰይዶ ሰው አያቅፍም» አለች። «ይሄ የሚያቅፈኝን ሰውዬ አላውቀውም፣ ልጄ።» ሰደቃ ያበላችው አክስቴ ናት ይህን የተናገረችው። እኔ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። የማውቀውን ነገር ሌላ ሰው ስለተናገረው ተናደድኩ።

በሌላ ቀን የፊት ሥዕል አሳዩን። የሰው ፎቶግራፍ ያሳያሉ፣ ይህ ሰው ምን እየተሰማው ነው ይላሉ። መጀመሪያ ተረኛው እኔ ነበርኩ፣ ጤነኛው። ዶክተር ሰላም ቅንድቡን ያኮሳተረ ሰው አሳየችኝ። «ይሄ ሰውዬ ነጋዴ ነው» አልኩ፣ «እቃው ጉምሩክ ተይዞበታል፣ ወንድሙም አላገዘውም።» ዶክተሯ «አንድ ቃል ብቻ በቂ ነው» አለችኝ። «ተናዷል» አልኩ፣ እየቆጨኝ።

አባቴ ተራው ሲደርስ ከኋላ ተቀምጬ እንዳይ ፈቀደችልኝ፣ እጄን ጭኔ ላይ እንዳደርግ አስጠንቅቃ። የምታለቅስ ሴት ፎቶ ወጣ። እንባዋ ጉንጯ ላይ ይታያል። «ይቺ ሽንኩርት እየከተፈች ነው» አለ አባቴ። ጥርሱን ያፋጨ፣ ዓይኑ የቀላ ወጣት ወጣ። «ይሄ እየሳቀ ነው፤ ደስ የሚል ልጅ!» የፈራ፣ ያዘነ፣ የተቆጣ ሁሉ ለአባቴ ይስቅለታል። በመጨረሻ ፎቶውን አንስቶ ሳመው። ነርሷ ሳቀች፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ከዚያ መሳቅ አቃተኝ። ሃያ ሁለት ላይ ቡጢ የሰነዘረውን ልጅ ፊት እንዴት እንዳየው ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አባቴ የሚኖርበት ዓለም ውስጥ የሚቆጣው ሰው የለም፤ የምታለቅስም ሴት የለችም። ብቻውን ነው ያለው፣ ማንም ሳያውቅለት።

አንጎል የሚያነሳው ማሽን ዘንድ ስንደርስ ደግሞ የእኔ ጉድ መጣ። ቀበቶ አስፈቱኝ፣ ሰዓት አስፈቱኝ፣ አስተኙኝና ፊቴ ላይ የላስቲክ ቀፎ ገጠሙብኝ። «ጭንቅላትህን እንዳታንቀሳቅስ» አሉኝ። ቀላል ነገር መሰለኝ። ማሽኑ መጮህ ጀመረ፤ ወሎ ሰፈር ያሉ ላሜራ ሠሪዎች ሁሉ ተሰብስበው ጆሮዬ ሥር ቆርቆሮ የሚቀጠቅጡ ነው የሚመስለው። ጥቂት ቆይቶ ጩኸቱ ጋብ አለና በድምፅ ማጉያው የአንድ ትልቅ ሰው ድምፅ መጣ። «እንደምን ዋልክ፣ ልጄ?» የዶክተር ሰላም አለቃ፣ ሽበታም ፕሮፌሰር ናቸው፣ ሊያበረታቱኝ ገብተው። እኔ ደግሞ ሽማግሌ ሰላም ሲለኝ ተኝቼ እየመለስኩ አላደግኩም። ብድግ ልል ስል ግንባሬ ከቀፎው ተጋጨ።

«አትነሳ! ተኛ!» አለች ዶክተሯ። «ደህና ነህ?»

ጭንቅላቴን ነቅንቄ ደህና ነኝ አልኩ።

«ጭንቅላትህን አታንቀሳቅስ አልንህ እኮ!»

እሺ ብዬ ነቀነቅኩ። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ስወጣ ፕሮፌሰሩ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ጤነኛው አንተ ነህ አይደል?» አሉኝ። አዎ ማለት ከብዶኝ አንገቴን ደፋሁ።

አባቴን ሲያስገቡት ግን አልሳቅንም። ማሽኑ ገና መቀጥቀጥ ሲጀምር «አጥፉት! አጥፉት! ኩሽኔታው አልቋል፣ ሰው ልትፈጁ ነው!» ብሎ ጮኸ፤ የተበላሸ ሞተር መስሎት ነው። ሦስቴ ሞከሩ፣ ሦስቴም ሊወጣ ታገለ። ዶክተሯ ወደ እኔ ዞራ «ገብተህ እግራቸውን ያዝላቸው፣ የሚያውቁት እጅ ይረዳል» አለችኝ። ገባሁ። ካልሲው ወልቋል። በሁለት እጄ ቁርጭምጭሚቱን ያዝኩ። ተረከዙ ተሰነጣጥቋል፣ ቆዳው ቀዝቃዛ ነው፣ እግሩ ከማስበው በላይ ቀጭን ነው። በሕይወቴ ሙሉ የዚህን ሰው ፊት ስፈራ እግሩን አይቼው አላውቅም ነበር። ማሽኑ እየጮኸ አባቴ ቀስ በቀስ ረጋ አለ። እኔ ግን እዚያው ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። በዚያ ጩኸት ውስጥ ማልቀስ ጥሩ ነው፤ ማንም አይሰማችሁም።

ውጤቱ የተነገረን ከሳምንታት በኋላ ነው። ዶክተር ሰላም ኮምፒውተሩን ወደ እኛ አዞረችው። ሁለት አንጎል ጎን ለጎን ይታያል። አባቴ ወደ ግራው ጠቆመና «ይሄ የማን ነው?» አለ።

«የልጅዎ ነው።»

አባቴ ወንበሩን አስጠግቶ አየው። «ማሻአላህ! ማሻአላህ! እንዴት ያለ ያማረ ጭንቅላት ነው! ሙሉ ነው እኮ!»

ይህን ቃል ልጅ ሆኜ፣ ጎረምሳ ሆኜ፣ አባት ሆኜም ስጠብቀው ኖሬያለሁ። ሲመጣ ግን ከየት እንደሚመጣ ዶክተሯ በጣቷ እያሳየችኝ ነበር። የአባቴ አንጎል ከግንባሩ በኩል ሳስቷል፤ ሞልቶ ሊታይ የሚገባው ቦታ ጥቁር ክፍተት ሆኗል። ይህ የፊተኛው ክፍል ሰው ያሰበውን ሁሉ እንዳይናገር፣ ያማረውን ሁሉ እንዳይነካ የሚይዘው ነው አለችን። የሌላውን ሰው ስሜት ለማወቅም ይሄው ክፍል ያግዛል። ይህ ክፍል ሲሞት ሰውዬው ቀን ከመርሳቱ በፊት ጠባዩ ይለወጣል፤ ጨዋው ባለጌ፣ ቆጣቢው በታኝ፣ ዝምተኛው ለፍላፊ ሊሆን ይችላል።

«ፍሬን ማለት ነው» አልኩ እኔ።

«አዎ፣ ፍሬን በለው።»

አባቴ የሚያውቀውን ቃል ሲሰማ ቀና አለ። «ፍሬን ከሆነ ምን ችግር አለው? ሸራው ይቀየራል።»

ዶክተሯ «የእርስዎ አይቀየርም፣ አባቴ» አለችው። አባቴ ሳቀ። ዘሃራ ተነስታ ወጣች።

እኔ ዶክተሯን ኮሪደሩ ላይ ለብቻዋ አገኘኋት። የምጠይቃት ነገር ያሳፍር ነበር፤ ትልቅ ሰው ነኝ፣ ልጆች አሉኝ። «ዶክተር» አልኩ፣ «ሲስመኝ፣ እወድሃለሁ ሲለኝ... የሚናገረው አባቴ ነው ወይስ በሽታው?»

መልሳ ጠየቀችኝ። «ለሌላ ሰውም ይላሉ?»

«ለትራፊክ ፖሊሱም ብሎታል።»

«እንግዲህ» አለች፣ «ማሽኑ የሚያሳየኝ የጠፋውን ነው። ድሮም ውስጣቸው ኖሮ ታፍኖ የቆየ ነገር ይሁን፣ ዝም ብሎ የሚወጣ ቃል ይሁን፣ ከዚህ ፎቶ ላይ ላነበው አልችልም። እኛ የምናጠናው ብዙ ነው፣ የምናውቀው ግን ትንሽ ነው። አላውቅም።» ብትዋሸኝ ምን ነበረበት ብዬ ጠላኋት። እስከ ቤት ድረስ የዘይቱን ነገር ሳስብ ሄድኩ። ዘይቱን ሲቀይርልኝ አንጎሉ ሙሉ ነበር። ያኔ ግን አንድም ቀን አልሳመኝም።

መድኃኒቱን ያነሳችው ዶክተሯ ናት። የሚያድን አይደለም፣ የሚያረጋጋ ነው። ሰው መንካቱም፣ መሳሙም፣ መለፍለፉም ይቀንሳል አለች። ብንሰጠውም ባንሰጠውም በሽታው አንድ ቀን ዝም ማሰኘቱ አይቀርም፤ መድኃኒቱ እስከዚያ ድረስ ሰው እንዳይመታው ይጠብቀዋል። ዘሃራ እንጀምር አለች። አክስቴ «ስጡት፣ በአላህ ስጡት» አለች። እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ትንሽ ይቆይ፣ አልባሰበትም፣ መድኃኒት ሆድ ይጎዳል፣ ጾሙ ይለፍ፤ የማላውቀውን ሕክምና ሁሉ ተናገርኩ። ዘሃራ ዓይን ዓይኔን እያየች «ለእሱ ነው ለአንተ?» አለችኝ። ጮህኩባት።

ከዚያ አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ አባቴ ከጋራዡ ወጥቶ፣ ዋናው መንገድ መሀል ገብቶ፣ የሚሄድ ሚኒባስ ላይ በበሩ የተንጠለጠለውን ረዳት ሊስም ሮጠ። ሾፌሩ ፍሬን ያዘ፤ ከኋላ የመጣችው ቪትዝ መኪና የአባቴን ጃኬት ገፍፋ አለፈች። ረዳቱ ወርዶ «ፋዘር፣ መኪና ሊበላዎት ነበር እኮ!» እያለ ክንዱን ይዞ አመጣልኝ። አባቴ የልጁን እጅ እየሳመ ነበር። ያን ዕለት ለዘሃራ ደወልኩና «መድኃኒቱን አምጪው» አልኳት። 

ጠዋት ጠዋት የምሰጠው እኔ ነኝ፤ ሱቁ ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ ስለሚውል። ከቁርስ ጋር ይሰጠው ነው የተባለው። እኔ ግን ክኒኑን እጄ ውስጥ ይዤ ትንሽ እቆያለሁ። መጀመሪያ «የኔ ዓይን» ይበለኝና፣ ግንባሬን ይሳመኝና፣ ከዚያ እሰጠዋለሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙ አያስጠብቀኝም ነበር። ገና ሳያየኝ እጁን ይዘረጋል። እየቆየ ግን ዘገየ። አንዳንድ ቀን ሻዩ እስኪቀዘቅዝ፣ አንዳንድ ቀን ደንበኛ ገብቶ እስኪወጣ መጠበቅ ጀመርኩ። ዘሃራ በስልክ «ሰጠኸው?» ስትለኝ «አሁን ልሰጠው ነው» እላታለሁ። ሰው መሳም ትቷል። መንገድ መሀል መግባት ትቷል። መካኒኮቹ «ጋሽ ሰይድ ተሻላቸው» ይላሉ፣ አክስቴም አልሐምዱሊላህ ትላለች። እኔም ተሻለው እላለሁ።

ዛሬ ጠዋት ሱቁን ከፍቼ ወንበሩን አወጣሁለት። ተቀመጠ። ክኒኑን በአንድ እጄ፣ ውሃውን በሌላው ይዤ ፊቱ ቆምኩ። እሱ መንገዱን ያያል። ሚኒባሶቹ ቆመው ይሄዳሉ፣ ረዳቶቹ ይጣራሉ፣ አንድ ሰው የፍሬን ሸራ ፈልጎ ገባ፤ ትንሽ ቆይ አልኩት። ሰውዬው ሰዓቱን እያየ ወጣ። እኔ ከአባቴ ፊት አልተነቃነቅኩም። በመጨረሻ አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ፊቴን አየ፣ ከዚያ እጄን አየ፣ መዳፉን ዘረጋ።

«አምጣው እንጂ» አለኝ። «ምን ትጠብቃለህ?»

ሰጠሁት።